መጠጥ የማይቀምሰው ሰው ጉበት

የወልደአረጋይ ዓይን ቢጫ ሲሆን ሰፈሩ ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገውም። ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ አረቄ ነው። በቃ፣ ተፈረደ።

ሰውየው ግን ጫጫ አካባቢ ባና፣ ያንን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ከሚሠሩት ሁሉ መጠጥ የማይቀምስ እሱ ብቻ ነው። ሚስቱ ማስተዋል የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ምጡ ጠንቶባት፣ «እሷን ብቻ አትርፍልኝ እንጂ ዳግመኛ መጠጥ በአፌ አይዞርም» ብሎ ለተክለ ሃይማኖት ተሳለ። ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ማኅበር ላይ እኛ ጠላችንን ስንጨልጥ እሱ ውኃውን ይዞ ይቀመጣል፤ ብናሾፍበትም ፈገግ ይላል።

እንዲህ ያለው ሰው ሲታመም ምን ተባለ? «ተደብቆ ይጠጣ ነበር ማለት ነዋ!» የሰው አፍ መቼም አያርፍ። ክፋቱ፣ ወሬው ማስተዋል ጆሮ ገባ። ምግብ አስጠልቶት፣ እያስመለሰው፣ ሰውነቱ አልቆ ስታየው ታስታምመዋለች፤ ውስጧ ግን ይቃጠላል። ባሏ ሊሞትባት ነው፤ ለእሷ የተሳለውን ስለት አፍርሶ፣ እሷንም ዋሽቶ።

ጎረቤት ነኝና ከማስተዋል ጋር ደግፌ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አደረስኩት። ዶክተር ፀደንያ የምትባል ወጣት ሐኪም ደሙን አስመረመረች፤ ሆዱንም በአልትራሳውንድ አየች። ጉበቱ ክፉኛ ተቆጥቷል፤ የታወቁት የጉበት ቫይረሶች ግን የሉበትም።

«አባቴ፣ ይጠጣሉ?»

«ውኃ» አለ ወልደአረጋይ።

ማስተዋል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም።

«ከየት የተቀዳ ውኃ?»

ነገሩ የወጣው ያኔ ነው። ቤት የሚጠጣው የቦኖ ውኃ ነው። ቀኑን የሚውለው ግን የበግ ፀጉር በሚያጥብበት በመስኖው ኩሬ ዳር ነው። ከስንዴ ማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያ እየገባበት፣ ኩሬው በጋ ሲሆን አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ወልደአረጋይ ደግሞ ጥንቁቅ ነው፤ አረንጓዴውን ገፎ፣ ከሥር ቀድቶ፣ ደህና አድርጎ አፍልቶ ይጠጣል።

«ማፍላት ጀርሙን ነው የሚገድለው» አለች ዶክተሯ። «ያ አረንጓዴው አልጌ ነው፤ አንዳንዱ የሚለቀው መርዝ ግን ቢፈላም አይጠፋም፤ ጉበት ይጎዳል። እዚህ ለክቼ ላረጋግጥልዎ አልችልም፤ ጥርጣሬዬ ግን እሱ ላይ ነው። ከእንግዲህ ከኩሬው አንድ ጉንጭ እንዳይቀምሱ። በጎቹንም ያርቋቸው።»

ማስተዋል ጮኸችበት። «አንተ ሰው! ቤት ውኃ ጠፍቶ ነው? ለምን ይዘህ አትሄድም ነበር?»

«በጀርባሽ የምታመጪው አይደል እንዴ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በኔ የተነሳ ሌላ ጀሪካን እንድትጨምሪ አልፈለግሁማ።»

ወይ የኛ አገር ወንድ! ለሚስቱ አዝኖ መርዝ ይጠጣል እንጂ ጀሪካኑን ራሱ ተሸክሞ ማምጣት በሐሳቡም ዝር አይል። እኔም ብሆን አልታሰበኝም፤ ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው ብለን አድገን የለ?

ትንሽ በረታ ሲል ጀሪካን ተሸክሞ ቦኖ ወረደ። ሴቶቹ ሳቁበት፤ እሱ እቴ! ተራውን ይዞ ቆመ። ቀስ በቀስ የምግብ ፍላጎቱ ተመለሰ፣ ዓይኑም ጠራ።

ለቀጠሮው ስንመለስ ዶክተሯ የደሙን ውጤት አይታ ፈገግ አለች። «ጉበትዎ እያገገመ ነው። በዚሁ ከቀጠሉ ደህና ይሆናሉ።» እፎይ! ከኔ ትከሻ ላይ እንኳ ሸክም የወረደ መሰለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ማስተዋል አግዳሚው ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

«ምነው አንቺ? እየተሻለኝ ነው አለች እኮ!» አለ ወልደአረጋይ ደንግጦ።

«ሰምቻለሁ!» አለችው። «ትሞታለህ ብዬ፣ ደግሞ ዋሽቶኝ ሞተ ብዬ… እንዲያ እየጠረጠርኩህ ምን ብዬ እንደማለቅስልህ ጨንቆኝ ነበር።»

ወልደአረጋይ አጠገቧ ተቀመጠ። ይሉኝታ የሚገድለው ያ ሰው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እያየው የሚስቱን እጅ ያዘ፤ አልለቀቀም።