አጎቴ የእህቴን የጭንቅላት ፊልም ያነበቡ ዕለት

«ኧረ ገልብጠው ነው የያዙት!» አለች እህቴ።

«ሞራ ፊትና ጀርባ የለውም» አሉ አጎቴ። የጭንቅላቷን የኤምአርአይ ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ስንት ዘመን ሞራ ስገልጥ የኖርኩትን ሰውዬ፣ ጅዳ ደርሰሽ መጣሽና ልታስተምሪኝ?»

በቤታችን በግ ታርዶ ሞራው ሳይታይ ሰርግም ጉዞም አይቆረጥም። በስቡ ላይ የተዘረጉትን ሥሮች አይተው ዝናቡን፣ ሙሽራውን፣ መንገዱን የሚናገሩት አጎቴ ናቸው። እህቴ ከጅዳ የተመለሰችው የቀኝ ዓይኗ ፈዝዞባት ነው። አዲስ አበባ ያያት ሐኪም፣ ስስ የደም ሥሮች እንደ እንጆሪ ተጠቅልለው የዓይኗ ነርቭ ላይ እንደበቀሉ፣ ይህም ከስንት አንድ ሰው ላይ እንደሚታይ ነገራት። ሥሮቹ እንደገና ቢደሙ የቀረው የዓይኗ ብርሃንም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከቅንድቧ በላይ አጥንቱን ከፍቶ ሊያወጣቸው ለሐሙስ ቀጠራት።

እናቴ ሞራ ሳይታይ አልለቅም አለች። በግ ልትገዛ ስትነሳ ግን ፊልሙን አየችና ሐሳቧን ቀየረች። የበግ ሥር የአገር ነገር ከተናገረ፣ የልጅቷ የራሷ ሥርማ እንዴት አይናገር!

እናም የአንድ ለአምስት ስብሰባዋን ትታ የአጎቴን አፍ አፍ ታያለች።

«እዚሁ አቀስታ ላይ ውርጭ ይታየኛል» አሉ።

«አቀስታ መቼ ውርጭ አጥቶ ያውቃል?» አልኩ።

«አንተ ግጥምህን ጻፍ!» ጣታቸውን ፊልሙ ላይ አሳረፉ። «ይቺ ድብልብሏ የቤቱ ሲሳይ ናት። እንዳትነካ!»

«ወይ አላህ!» እናቴ ደረቷን ያዘች።

«የትኛው ዓይኔ ጋ ናት?» አለች እህቴ።

«ግራው ጋ።»

«የታመመው ቀኙ ነው።»

«እኔ በጀርባ በኩል ነው የማየው!»

እህቴ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። «እማዬ፣ እስቲ ተነሺና የፈለግሽው ቦታ ቁሚ። መጥቼ እስምሻለሁ።»

እናቴ በሩ አጠገብ ቆመች። እህቴ እጇን ዘርግታ በቀስታ ተራመደች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአጎቴን ካፖርት አቅፋ ኮሌታውን ሳመችው።

እኔ ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም። ሄዳ ፊልሙን ከአጎቴ እጅ ወሰደች።

«ኧረ ቆዪ፣ ገና ሙሽራው ጋ አልደረስኩም!»

እናቴ ጫማዋን አጠለቀች፣ የእህቴን ክንድ ያዘች። «የደሴው ሚኒባስ ሳይሞላ እንድረስ፤ ለሐሙስ አዲስ አበባ መግባት አለብን» አለቻት። ወጡ። በሩ እኔና አጎቴ ላይ ተዘጋ።