አባቴ የሰጡት ግጥም

የልቦለዴን የድግስ ትዕይንት ስጽፍ ከጎረቤት መሰንቆ ተሰማ፤ እጄ ቆመ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ አራዳ ጠጅ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ብርሌያቸውን እንደያዙ አዝማሪውን «ተቀበል!» አሉትና የገዛ እናቱን የሚያዋርድ ግጥም ሰጡት። ቤቱ በሳቅ አውካካ። አዝማሪውም እንደ ወጉ ተቀብሎ ያንኑ ስድብ ባማረ ድምፁ ዘፈነው። ዐይኑ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር።

«አባባ፣ እናቱን እኮ ነው የሰደቡበት» አልኩ በሹክሹክታ።

«እሱ ምን ይሰማዋል ልጄ? አዝማሪ እኮ ነው!»

ፊቴን በጋቢያቸው ሸፈንኩ።

አሁን የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩ። በልቦለዴ ውስጥ ያለው አዝማሪ በየድግሱ ይገባል፤ ሌሎች የሰጡትን ዘፍኖ ይወጣል። ስም እንኳ አላወጣሁለትም።

ፊቴን የምሸፍንበት የአባቴ ጋቢ ዛሬ የለም።