ክብ ሆኖ የተተከለው ደን

ባሕር ዳር ባቡር ገብቶባት አያውቅም። እኛ ቤት ግን፣ ፋሲሎ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ባቡር ነበረ። ባሌ ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ ነው። የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ሥራ ፍለጋ ወደ እኛ አገር መጣ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቀጠረ፤ እኔንም አገባ። ይዞት የመጣው ንብረት አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ የቆርቆሮ ባቡር ብቻ ነበር። ባቡሩን የሰጠው ከአገር ጠቅልሎ ሲወጣ የነበረ ፈረንጅ አለቃው ነው። በቁልፍ ይጠመዘዛል፤ ከተሞላ አራት ፉርጎ እየጎተተ ጠረጴዛውን ይዞራል።

ከሥራ ሲመለስ ለባቡሩ አገር እንሠራለት ነበር። እሱ ከክብሪት ቀፎና ከካርቶን ቤት ይሠራል፤ ጣሪያውን በብር ቀለም ይቀባዋል፤ በእውነት ቆርቆሮ ይመስላል። መሬቱ የእኔ ነው። ጆንያ በጀሶ ነክሬ ኮረብታ አወጣለሁ፤ ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም አጠጥቼ ሣር እነሰንሳለሁ። ለሐይቁ ሰማያዊ ወረቀት አንጥፌ የመስኮት መስተዋት ጫንሁበት። በሐይቁ ዳር የሚቆመውን ዘንባባ ከዶሮ ላባ ሠራሁት። ሰው ሲመጣ ጠረጴዛውን አንሶላ እናለብሰዋለን። በዚያ ዘመን ሰው የሚወደው ነገር ካለው ሸሽጎ ነበር የሚወደው።

አንሶላው ግን አላዳነንም። የቀበሌው ካድሬ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር በራችን ላይ ቆመ። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያው ክረምት አንድ ጎረቤታችን «ለጥያቄ» ተብሎ ተወስዶ አልተመለሰም ነበርና እኔ በሐሳቤ የባሌን ብርድ ልብስ መጠቅለል ጀምሬአለሁ። ካድሬው አንሶላውን ገልጦ ረጅም ጊዜ አየ። ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥ። ባቡሩን በጣቱ ገፋ አደረገውና ይኼ ለአብዮቱ በዓል ይፈለጋል አለ። «የነገዋ ባሕር ዳር» ተብሎ በቀበሌው አዳራሽ ይታያል። ፋብሪካው ይብዛ፤ ትራክተርም ይኑርበት። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ግን እንዳይኖርበት። ከደብረ ማርቆስ ትልቅ እንግዳ ስለሚመጡ ባቡሩ ፊታቸው ተበላሽቶ ቢቆም ነገሩ እንደ አሻጥር እንደሚቆጠር ፈገግ ብሎ ነገረን። ያች ፈገግታ ከቁጣ ይልቅ አስፈራችኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል የአገሬ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ የምንወደው ሥራ መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ አንገታችን የተያዘበት ሆነ። ባሌ የዓባይን ድልድይ ሲሠራ ሆን ብሎ አበላሸው። ድልድዩ ወታደር የሚጠብቀው ነው፤ አስተካክዬ ብሠራው የት ቆመህ ለካኸው ይሉኛል አለ። የእውነተኛውን ድልድይ መልክ እንዳይመስልበት ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሠራው። ባቡሩንም ደጋግሞ ይፈታዋል፣ ዘይት ይቀባዋል፣ ይገጥመዋል። ካርቶን የሚሰጠን ነጋዴ ጎረቤታችን ሥራውን ለማየት ገብቶ፣ መስጊዳችንንም አውጥታችሁ ጣላችሁት ወይ ብሎ ቀለደና ወዲያው ዞሮ በሩን አየ። እኛም በሩን አየን።

በጠረጴዛው ጥግ ላይ ያወጣኋት አንዲት ኮረብታ ባዶ መሰለችኝ። የጥጥ ውዳቂ በአረንጓዴ ቀለም ነክሬ፣ በቀጭን ሽቦ ላይ ጠቅልዬ፣ ዛፍ አደረግሁና አናቷ ላይ በኮላ ተከልሁ። ጥቅጥቅ አድርጌ፣ ክብ አድርጌ ነው የተከልሁት። ምንም አላሰብሁም፤ ኮረብታ ላይ ዛፍ ሲቆም የማውቀው እንደዚያ ነው። ባሌም አይቶ ደስ ይላል አለ።

በበዓሉ ዋዜማ ጠረጴዛውን አዳራሹ ውስጥ አቆምነው። አዳራሹን የሚጠርጉ አንዲት አሮጊት ሊያዩ መጡ። ባቡሩን አዩ፤ ፋብሪካውን አዩ። ኮረብታዋ ጋ ሲደርሱ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጎንበስ ብለው አማተቡና አለፉ። ወገባቸውን አሞአቸው ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርሁ። ጥቂት ቆይቶ ወንበር የሚያመላልስ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ እንደዚያው ተሳለመ። ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ምድሩ ሁሉ ታርሶ አልቆ ደን የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው። ክብ ደን ከሩቅ ያየ ሰው መካከሉ ታቦት እንዳለ ያውቃል፤ ጣሪያው ባይታየውም ይሳለማል። ቤተ ክርስቲያን አልሠራሁም፤ አጸዱን ግን ሠርቼዋለሁ። በአዳራሹ ውስጥ ይኼን የማያውቅ ሰው ቢኖር ድሬዳዋ ያደገው ባሌ ብቻ ነበር።

ካድሬውም አየ። ባሌን ጠርቶ እዚህ ደን ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀው። ባሌ ዛፍ ነው አለ። ከዛፉስ ወዲያ ሲለው፣ ሌላ ዛፍ ነው አለ። እውነቱን ነበር፤ ካድሬው ግን የተሾፈበት መሰለው። አንድ አብዮት ጠባቂ መጥቶ ከባሌ ጎን ቆመ። ከዚያ ካድሬው ወደ እኔ ዞረ።

«አባትሽ ምንድን ናቸው?»

«መሪጌታ ናቸው፤ ደቅ ደሴት።» መዋሸት አልቻልሁም፤ ቀበሌው ያውቀዋል።

«ንቀይው» አለኝ። «ባልሽን ነገ በዓሉ ሲያልቅ እናነጋግረዋለን።»

በዚያ ጊዜ «ማነጋገር» ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። ዛፎቹን አንድ በአንድ ነቀልሁ። ኮላው ሣሩን ይዞ ስለሚነሣ ከሥሩ ነጭ ጀሶ ወጣ። እኔ ስነቅል ባሌ ያየኛል፤ ምን እንደበደልን አልገባውም። ልነግረው ብፈልግም ጠባቂው አጠገቡ ነው። የነቀልሁትን ሁሉ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተትሁት። ኮረብታዋ ላይ የተላጨ ነጭ ክብ ቀረ።

በማግሥቱ እንግዳው መጡ። ባሌ ቁልፉን ጠመዘዘ። ባቡሩ ሄደ፤ ያን የተበላሸ ድልድይ ተሻገረ፤ በፋብሪካዎቹ መካከል ዞሮ ተመለሰ። እንግዳው አጨበጨቡ፤ እኛም አጨበጨብን። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ጠባቂው ግን ከባሌ አጠገብ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ከዱርቤቴ በጭነት መኪና ያመጧቸው ገበሬዎች ገቡ። ባቡር አይተው አያውቁምና ይደነቃሉ ተብሎ ነበር። ፊት ለፊት የነበሩት አንድ ሽማግሌ ግን ባቡሩን አለፉት። ኮረብታዋ ፊት ቆመው በበትራቸው ተደግፈው ነጩን ክብ ብዙ ጊዜ አዩት።

«ኧረ ይኸን አጸድ ማነው የቆረጠው?» አሉ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አዳራሹ ግን ሰማቸው። የቀሩት ገበሬዎች እየተጠጉ መጥተው ጠረጴዛውን ከበቡ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ያችን ነጭ ቦታ ያያሉ። እንግዳው ሰዎቹ ምን እንደሚሉ ካድሬውን ጠየቁ። የካድሬው ፊት አመድ መሰለ። ዛፎቹ ሳሉ የተሳለሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ «ነገ» በሚሉት ከተማ ውስጥ አጸዱ ተቆርጦ እንደሚጠብቃቸው አንድ መኪና ሙሉ ገበሬ አየ። ይኼ ወሬ በሳምንት ውስጥ የገበሬዎቹን አገር ሁሉ ያዳርሳል።

«አልተጠናቀቀም ጓድ» አለ ካድሬው። «የደን ልማት ነው። ዛፉ ነገ ይተከላል።»

እንግዳው የገበሬዎቹን ፊት አዩ።

«ዛሬ ይተከል» አሉና ወጡ።

ሕዝቡ ሲወጣ ካድሬው ጠባቂውን አሰናብቶ በሩን ዘጋ። ሦስታችን ብቻ ቀረን። ካኪ ልብሱን እንደለበሰ ቆሻሻ መጣያው ላይ ጎንበስ ብሎ ዛፎቹን በእጁ ለቀመ። እኔ ኮላ እቀባለሁ፣ እሱ ይተክላል፤ ባሌ ቆሞ ያየናል። እኔ ከፍርሃቴ የተነሣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ ነበር የምመኘው። ክቡን ልዘጋ የመጨረሻውን ዛፍ በራሴ እጅ ሳስጠጋ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«በምዕራብ በኩል በር ተይለት።»

ተውሁለት። እሱም ያለውን ዘግይቶ ሰማው መሰለኝ፣ እጁ አየር ላይ ቀረ። እኔን አየ፤ ባሌን አየ። ከዚያ ወደ ቤታችሁ ሂዱ አለን።

መንገድ ላይ ባሌ ተረፍን፣ ተረፍን እያለ ክንዴን ይጨምቀዋል። እኔ ግን አልተረፍንም አልሁት። እስከዚያች ሰዓት የምንፈራው እኛ ነበርን፤ አሁን እሱም እኛን ይፈራል። አባቱ ማን እንደሆኑ፣ የትኛው ደብር እንዳደገ እኛ ባንጠይቀውም፣ የቤተ ክርስቲያን በር ወዴት እንደሚዞር የሚያውቅ የደብር ልጅ መሆኑን በአንዲት ቃል ነግሮናል። እኛን ዝም ለማሰኘት ደግሞ አንድ ፊርማ ይበቃዋል። ዝም አይነቅዝም ብለን ለማንም ትንፍሽ አላልንም፤ ለአባቴ እንኳ። ያም ሆኖ መኪና በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ በሩ ሥር አዳምጥ ነበር። ካድሬውን መንገድ ላይ ካየነው ወደ ሌላ ያያል፤ ያ ደግሞ ከመገላመጥ የባሰ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል ብቻውን መጣ። ተቀመጥ ብንለው እንቢ አለ። ከኪሱ ይለፍ ወረቀት አወጣ፤ የሁለታችን ስም ተጽፎበታል፣ ተፈርሞ ማኅተም አርፎበታል። ባሌን አላየውም፤ የሚያነጋግረው እኔን ነው።

«ድሬዳዋ ዘመድ አለው አይደል? እኔ ወንበሩ ላይ ሳለሁ ሂዱ።»

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ገብቶ የሁሉንም ወረቀት እያየ እኛ ዘንድ ደረሰ። ፊርማውን አይቶ አልመለሰውም። ማን እንደፈረመው ጠየቀ፤ ባሌ ተናገረ። ወታደሩ ቀኑን ደግሞ አነበበ፤ የትናንት ነው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ለባሌ ሰጠው።

«ሰውየውን ዛሬ ጠዋት ወስደውታል» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ ኬላ ላይ ስሙን እንዳትጠሩ።»

አውቶቡሱ ተነሣ። ባሌ ወረቀቱን ደረቱ ውስጥ ከተተው። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ስፈራው ለኖርሁት ሰው፣ ዱርቤቴን እስክናልፍ አለቀስሁ።