እጀታ ያለው ጓሮ

ከጓሮዬ አጠገብ ያለውን ቤት የተከራየችው ሴትዮ መሬት ላይ አንድም ነገር አትተክልም። ቃሪያው፣ ጠጅ ሳሩ፣ ጎመኑ፣ ሁሉም የሚያድገው እጀታ ባለው ባልዲ ውስጥ ነው። እጀታ የሌለው ደህና የሸክላ ማሰሮ ብሰጣት እንኳ መለሰችልኝ።

«ምኑን ይዤ ልሩጥ፣ እትዬ ኛን?» አለችኝ።

የቀድሞ ቤቷን የሜኮንግ ወንዝ ዳሩን ንዶ ከነጓሮው ወስዶታል ይባላል፤ እሷ ግን አታወራም።

ውሃው ሞልቶ ትንንሾቹ ዓሦች ሲመጡ፣ እንደ ሁላችንም ጎምዛዛውን የዓሣ ሾርባ በወቅቱ በሚፈካው ቢጫ አበባ ትሠራለች። ታዲያ እንደ ሰው ረግታ አታበስልም! ጭልፋዋን እንደያዘች ወንዙ ዳር ትወርዳለች፤ የመሬቱን ስንጥቅ በእግር ጣቷ ትለካለች፤ ተመልሳ አንዴ አማስላ ደግሞ ትወጣለች። ሩዟ ሳያርር የዋለበት ቀን የለም። እኔን ራሴን ታዞረኛለች።

ትናንት ምሳ ጠራችኝ። ገና ሾርባውን ሳንቀምስ ከወንዙ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። ብድግ አለችና በግራና በቀኝ ባልዲ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች።

«ኧረ የአሸዋ ጀልባ ሞተር ነው! ነይ ተቀመጪ፣ ሾርባው በረደ!» አልኳት።

ባልዲዎቹን አላስቀመጠችም።

«ያን ቀንም የአሸዋ ጀልባ ነው ሲሉኝ፣ ቁጭ ብዬ በላሁ» አለች።