ጸሎታችንን የሸፈነው ጊታር

ካሴቱን የሰጠኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አዲስ አበባ ሲማር ከአንድ ሙዚቃ ቤት አስቀድቶት ነበር፤ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ከነቴፑ ለኔ ትቶልኝ ሄደ። ላዩ ላይ በእስክሪፕቶ «ጊታር» ተብሎ ከመጻፉ በቀር ምንም የለበትም፤ የሰውየው ስም የለ፣ የዘፈኖቹ ርዕስ የለ። ማን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ፈረንጅ ነው። ሮክና ጃዝ ይቀላቅላል። ጣቶቹን ብታዪ እብድ ነው ትያለሽ» አለኝ። ጣቶቹን እሱም አላያቸውም፤ ወንድሜ ግን ያላየውን መመስከር ያውቅበታል።

ካሴቱ ላይ ዘፋኝ የለም። ከዳር እስከ ዳር ጊታር፣ ኦርጋንና ከበሮ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው እያልኩ ስጠብቅ አንዱ ሳይድ አለቀ። በሳምንቱ ግን መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ጣቶቼ ሳላስበው የሱን ምት ይከተሉ ጀመር። ያኔ አምቦ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በሮክ የመታ ሰው ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ርዕስ ስለሌላቸው ስሙን እኔው አወጣሁላቸው። የመጀመሪያው እየተንደረደረ የሚወርድ ስለሆነ ፏፏቴውን አስቤ «ጉደር» አልኩት። ሁለተኛው «አውቶብስ» ነው፤ የነቀምቴው አውቶብስ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር ልክ እንደዚያ ያጓራል። ሦስተኛው ላይ መሃል ሲደርስ ከበሮውም ኦርጋኑም ዝም ይሉና ጊታሩ ብቻውን፣ በጣም ቀስ ብሎ ይቀራል። እሱን «ወንጪ» አልኩት። ወንጪን ያኔ በዓይኔ አላየሁትም፤ ሐይቅ ዳር ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እየመሰለኝ ነው። አራተኛው ላይ ጊታሩና ኦርጋኑ እየተቀባበሉ ስለሚጯጯሁ «ጭቅጭቅ» ሆነ። ሌሎቹም ስም ነበራቸው፤ ከሁሉ የምወደው ግን ወንጪን ነበር። አሁንም እወደዋለሁ።

አባቴ ድሬሰር ነበር፤ ሰፈሩ ግን «ዶክተር» ነው የሚለው። የጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ቀርተናል። ካሴቱን የሰማ ቀን ነገሩን በአጭሩ ቆረጠው።

«ቤቴ ውስጥ ዘፈን አይከፈትም።»

«አባዬ፣ ቃል እኮ የለውም። ቃል ከሌለው ምኑ ነው ኃጢአቱ?»

ፍርድ የሚያውቅ ሰው ስለነበር ሳይሰማ አልፈረደም። ተቀመጠና የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጥ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጉደርን እስከ መጨረሻው ሰማው። «ቃል የለውም፤ ሐሳቡ ግን ዓለማዊ ነው» ብሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ እሱ ቤት ካለ ቴፑ አይነካም፤ ሲወጣ እከፍታለሁ። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን፣ ሁለታችንም አንናገርም።

ከዚያ ጸሎት ቤቱ ታሸገ። ካድሬዎች መጥተው በሩን ዘጉት፤ ወንበሮቹ ተጭነው ወደ ስብሰባ አዳራሽ ሄዱ። ብዙ ሰው ቤቱ ቁጭ አለ። አባቴ ግን እሁድን እንደ ሌላው ቀን መዋል አልቻለበትም። ጥቂት ሰዎች እሁድ ከሰዓት፣ አንድ በአንድ፣ ለጥየቃ እንደሚመጣ ሰው እኛ ሳሎን ይሰበሰቡ ጀመር። ገበያ ቅቤ የሚሸጡ አንድ ባላቸው የሞተባቸው እናት ነበሩ። ከእጃጂ በአውቶብስ የሚመጣ አስተማሪ ነበር። የቀሩት የሰፈር ባልና ሚስቶች ናቸው። በሌላ ቀበሌ እንዲህ የተሰበሰቡ ሰዎች ታስረው ስለነበር ቢያዙ የሚጠብቃቸውን ሁሉም ያውቃል፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ይጠብቀዋል።

ችግሩ የኛ ሰው በሹክሹክታ መጸለይ አይሆንለትም። ይጀምራሉ በቀስታ። ትንሽ ቆይቶ ቅቤ ሻጯ እናት «ያ ዋቃዮ» ብለው አምላክን በኦሮምኛ እየጠሩ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ አስተማሪው በአማርኛ ይከተላል፣ አባቴ በሁለቱም ቋንቋ ይጨምርበታል። ሁለተኛው እሁድ ካለፈ በኋላ የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ አባቴን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ «ዶክተር፣ ትናንት እንግዳ በዝቶባችሁ ነበር መሰለኝ» አለው። አባቴ ሰላምታ ሰጥቶት አለፈ። ማታ ግን እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ክፍሌ በር ላይ መጥቶ ቆመ፤ ጫማውን ያያል።

«ያ… ገመድ የሚመታው ሰውዬ» አለኝ።

«እሺ?»

«ሳያቋርጥ ስንት ሰዓት ይመታል?»

ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

በሚቀጥለው እሁድ ቴፑ መስኮቱ ላይ ወጣ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ። ከውጭ የሚያልፍ ሰው የዶክተር ልጅ አበደች ይላል እንጂ እዚህ ቤት ይጸለያል አይልም። የኔ ሥራ ካሴቱ አጠገብ መቀመጥ ነበር። ሳይድ ሲያልቅ ቶሎ እገለብጣለሁ፤ እስክገለብጥ ድረስ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል። በአንዱ ዘፈንና በሚቀጥለው መካከል ያለችው ዝምታ ነበረች አስቸጋሪዋ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዘፈኑ ቀጥ ሲል የአንድ ሰው ጸሎት ጭር ባለው ቤት ውስጥ እየጮኸ ይቀር ነበር። በኋላ ግን ለመዱት። ጉደር ሊያልቅ ሲል ድምፃቸውን ይሰበስባሉ። አውቶብስ ሲያጓራ ያለቅሳሉ። ወንጪ መሃል ላይ፣ ጊታሩ ብቻውን ሲቀር፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጭቅጭቅ ሲመጣ ሁሉም የልቡን ይናገራል።

ደስ ብሎኛል ብል ውሸት ነው። ተናድጄ ነበር። የምወደውን ዘፈን አጥር አደረጉት፤ ጥሩ ቦታው ላይ ሲደርስ አንዱ ስለ ልጁ ሕመም ይጮኻል። ጊታር መቺው እንደዚያ ተጨንቆ ሲጫወት አንድ ሰው እንኳ አያዳምጠውም ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ እሁድ፣ ዝናብ አባርቶ፣ አውቶብስ ላይ ደርሰን ሁሉም እያለቀሰ ሳለ ቴፑ ካሴቱን በላው። ድምፁ ተጎተተ፣ ተንጫጫ፣ ቆመ። የቅቤ ሻጯ እናት «ያ ዋቃዮ» ብቻውን ሳሎኑ ውስጥ ቀረ። ካሴቱን ሳወጣ ክሩ ተከትሎኝ ወጣ። እሱን እያላቀቅኩ ሳለ የውጭ በሩ ተንኳኳና፣ ሳንከፍት፣ አብዮት ጥበቃው ገባ። መጽሐፍ ቅዱሶቹ ሶፋው ትራስ ሥር ገብተው ነበር፤ ቅቤ ሻጯ እናት ግን ጊዜ ስላጠራቸው የራሳቸውን መጽሐፍ ተቀምጠውበታል።

«አከም ጅርቱ ዶክተር» ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ረጅም ወጣት ነው፤ ጠመንጃውን በሩ ጋ አላስቀመጠም።

«ፈያ፣ ደኅና ነን፣ ግባ» አለ አባቴ። ወንበር ሰጠው።

ልጁ አንድ በአንድ አየን። ዓይኑ ያበጠውን ሁሉ አየ። «ምን እያደረጋችሁ ነው?»

አባቴ በዕድሜው ሙሉ ዋሽቶ አያውቅም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነበር። እግሬ ሥር ያለውን ክር ይዤ ጠበቅኩ። እውነቱን ሊናገር ነው፣ ሊወስዱት ነው፣ እዚህ ቤት ብቻዬን ልቀር ነው አልኩ በልቤ።

«ይህን ካሴት ከፍተን ነበር» አለ አባቴ። «ቴፑ በላብን።»

«እናንተ? ይህን?» ልጁ ካሴቱን ከእጄ ወሰደና «ጊታር» የሚለውን አነበበ። ከዚያ ሳይስቅ፣ «ዶክተር፣ እስቲ የትኛውን ነው የሚወዱት?» አለው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሦስተኛውን» አለ። «ከበሮው ይተወዋል። ብቻውን ይቀራል። እኔ ሁልጊዜ በዚያው የሚቀር ይመስለኛል፤ ከዚያ እንዲህ ብሎ ይመለሳል።» እና አንጎራጎረው። ቤቱ ዘፈን የማያስገባው አባቴ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የወንጪን መሃል አንድም ሳይስት አንጎራጎረው። ጊታሩ የሚሰበርባት ቦታ ላይ ድምፁን ሰበረ።

«እኔ የሚጣሉትን ነው የምወደው» አሉ ቅቤ ሻጯ እናት ከመጽሐፋቸው ላይ ሳይነሡ። «ኋላ ይታረቃሉ።» ጭቅጭቅ መጨረሻ ላይ ጊታሩና ኦርጋኑ አብረው እንደሚጫወቱ እኔ ራሴ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አስተማሪው የመጀመሪያውን አለ፤ ከእጃጂ ሲመጣ አውቶብስ ውስጥ በሐሳቡ እንደሚሰማው ተናገረ። ሁሉም የየራሱ ነበረው። ፍርሃቴ እንዳለ ሆኖ ልቤ በደስታ ሞላ። ለካ ሲሰሙ ነበር የከረሙት።

ልጁ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከኪሱ እስክሪፕቶ አወጣ፣ ካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ከቶ ክሩን ቀስ እያለ ጠቀለለው። ታጥፎ የነበረውን በጥፍሩ አቃና። ቴፑ ውስጥ መልሶ ከፈተው። አውቶብስ ትንሽ ተንገዳግዶ ቀጠለ። የአምቦ ውኃ ቀዳሁለት፤ ጠጥቶ ተነሣ።

በሩ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ውጭ ስንደርስ ወደ ቤቱ ሳይዞር አናገረኝ።

«እህቴ፣ ሦስተኛው ላይ፣ ጊታሩ ብቻውን ሲቀር፣ የሴትዮዋ ድምፅ ያልፋል። እስከ መንገድ ይሰማል። እዚያ ጋ ቀነስ ይበሉ በያቸው።» ትንሽ ራቅ ካለ በኋላ ጨመረበት። «የማልፈው እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ለምን እንደተወን አላውቅም፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። መልእክቱን አደረስኩ። ቅቤ ሻጯ እናት በወንጪ ሰዓት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መያዝ ጀመሩ። ካሴቱ እየሳሳ ሄደ፤ አንድ ሁለት ቦታ ተበጥሶ በጥፍር ቀለም አጣበቅኩት። ብዙ ዓመት በዚሁ ቆየን።

መንግሥት ሲለወጥ ጸሎት ቤቱ ተከፈተ። በመጀመሪያው እሁድ ቦታው ጠቦ ሰው ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ድምፅ ማጉያ ተተከለ፤ ማንም ማንንም አይፈራም። ሁሉም ድምፁን ለቆ ይጸልያል። አባቴ ያኔ አርጅቷል፤ አጠገቤ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ትንሽ እንደሄደ ድምፁን ሰብስቦ አቋረጠ፣ ጥቂት ዝም አለ፣ ቀጠለ። በኋላ ከፍ አለ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ዝቅ፣ ዝቅ አለና ከንፈሩ ብቻ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንድ ሰው ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ «ዶክተር፣ አሁን እኮ ነፃ ነው፣ ድምፅዎን ያውጡ» አለው።

«ተወው» አልኩት። ወንጪ መሃል ላይ ነበር። ከበሮው እስኪመለስ አብሬው ጠበቅኩ።