ለብርሃን መጥቼ ቡርሃን ሱቅ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ለቡ

የታኅሣሥ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ለቡ ባቡር ጣቢያ ስደርስ ሰልፈኛው ሁሉ ጋቢ ውስጥ ገብቶ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ወደ ድሬ ዳዋ የምጓዘው ታላቅ እህቴ አስካለ ስለጠራችኝ ነው። "ለብርሃን ድረስልኝ" አለችኝ በስልክ፤ ሌላ አልጨመረችም። በነቢያት ጾም፣ ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች በእኛ ዘንድ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ። ብርሃን ነገ ነው።

አንድያ ልጇ ዳዊት "ባሕር ተሻግሬ ሠርቼ እመጣለሁ" ብሎ በጅቡቲ በኩል ከወጣ ክረምቱ አለፈ፤ ድምፁ የለም። እህቴ ግን አታለቅስም፣ ማንንም አትጠይቅም፣ ትጾማለች። ምን ይዛ እንደቆመች ቀርቤ ማየት ፈለግኩ። ባለቤቴ "ነገር ቆስቋሽ" የምትለኝ ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀትር፣ ከአዋሽ ወዲያ

መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራቡ። በመስኮቱ ግራር፣ ግመል፣ ጥቁር ድንጋይ፣ እንደገና ግራር። ከጎኔ የተቀመጡት ሴት የምስር ሳንቡሳ አካፈሉኝና ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ለብርሃን ነው ብላቸው፣ "አዲስ አበባ ብርሃን ጠፍቶ ነው? ሙቀት ፍለጋ ነው በለኝ" እያሉ ቀለዱብኝ።

ከሰዓት፣ መጋላ

ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል ነው። አንድ ሶማሌ ባለ ባጃጅ ሻንጣዬን ተቀበለኝ።

"ወዴት ነህ?"

ድሬ ላይ "አንቱ" ብሎ ነገር የለም፤ ሽበቴም አላዳነኝም።

"ሳቢያን፣ እህቴ ቤት። ለብርሃን ነው የመጣሁት።"

ዞር ብሎ ፊቴን አየው። "ለቡርሃን?"

"አዎ፣ ለብርሃን።"

"ልጅ ነው የጠፋባችሁ?"

ደነገጥኩ። "በምን አወቅክ?"

"አቦ፣ ለቡርሃን የሚመጣ ሰው ሁሉ ልጅ የጠፋበት ነው። ሱቁ ሳይዘጋ መጀመሪያ እዚያ ላድርስህ።"

እዚህ ላይ ማስቆም ነበረብኝ። ግን የት እንደሚያደርሰኝ ለማየት ጓጓሁ። የከዚራ ሰፈርን የዛፍ ጥላ አለፍን፣ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻገርን፣ መጋላ ገበያ ገባን። የጨርቅ ጣቃ፣ የሩዝ ጆንያ፣ ከዘይት የወጣ ትኩስ ሙሸበክ ከነስኳር ውሃው፤ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ።

ቡርሃን የሩዝና የቴምር ነጋዴ ነው። ዕቃው በጅቡቲ መንገድ ይመጣል፤ ሾፌሮቹም በየመንገዱ ስደተኛ ያገኛሉ። ልጅ የጠፋበት ወላጅ ሲመጣ ቡርሃን የወላጁን ድምፅ በስልክ ቀድቶ ለሾፌሮቹ ይልካል፤ እነሱም ወጣቶች ባረፉበት ሁሉ ያሰሙታል። እኔ የመጣሁለት ብርሃን እሑድ እንደሆነ ስነግረው በሳቅ ፈረሰ።

"እኔን እሑድ አደረጋችሁኝ?"

የዳዊትን ፎቶ ላሳየው ስልኬን ሳወጣ ሳቁን አቆመ።

"አንተ ምኑ ነህ?"

"አጎቱ።"

"አጎት አልቀበልም። እናንተ መርዶ ትደብቃላችሁ። ወሬው ክፉ ከሆነ አንተ ትሰማና ለእሷ 'ደህና ነው' ትላታለህ። በውሸት የምትጠብቅ እናት አይቻለሁ፣ ወላሂ። እናቱ ትምጣ።"

ልክ እሱ እንዳለው አደርግ ነበር።

ሲመሽ፣ ሳቢያን

አስካለ ምስር እየለቀመች ሰማችኝ።

"አውቀዋለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሂጂ ብሎኛል።"

"ታዲያ ለምን አልሄድሽም?"

"ካልጠየቅኩ አልሞተም።"

"ተስፋ የምትይው ይሄንን ነው?" ቃሉ ከአፌ አመለጠኝ።

"አንተ ድሮም መጠየቅ እንጂ ሌላ አታውቅም" አለችኝ። ተኳርፈን ራት በላን።

እሑድ፣ ብርሃን

ከቅዳሴ በኋላ የሰበኩት ቄስ ድምፃቸው ደከም ያለ ሽማግሌ ናቸው። ነቢያት ጨለማ ውስጥ ዝም ብለው አልተቀመጡም አሉ፤ ብርሃንህን ላክልን እያሉ ጮኹ፣ መቼ ነው እያሉ ጠየቁ፣ ከአምላካቸው ጋር ተሟገቱ። "ጾማቸው ጥያቄ ነበር" አሉ። ወደ ሴቶቹ በኩል አየሁ። አስካለ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ አጎንብሳለች።

ከግቢው እንደወጣን፣ "ያ ባጃጅ የት ነው ያደረሰህ?" አለችኝ።

"እሑድ ይከፍታል ብለሽ ነው?"

"ሙስሊም ነው እኮ አንተ። ዓርብ ነው የሚዘጋው።"

ቡርሃን ከሱቁ በር ተቀበላት። "ክፉም ቢሆን እነግርሻለሁ" አላት። "ትችያለሽ?"

"አልችልም" አለች እህቴ። "ግን ንገረኝ።"

ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋላት። ጉሮሮዋን ጠረገች። "ዳዊት፣ እኔ ነኝ። አልተቆጣሁህም። ሥራ አጥቼ እንዴት ልደውል ብለህ እንደሆነ ተወው። ባዶ እጅህንም ብትመጣ ልጄ ነህ። ብቻ ድምፅህን አሰማኝ።"

ላከው። "በቃ፣ ቤትሽ ግቢ። ቀንም ሊፈጅ ይችላል፣ ሳምንትም።"

"እዚሁ ልጠብቅ።"

"እሺ አቦ፣ ሱቁ ያንቺ ነው" ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። እኔ የሩዝ ጆንያ ደረሰኝ።

የባቡሬ ሰዓት ተቃረበ። "ሂድ እንጂ" አለችኝ። ነገም ባቡር አለ አልኳት፤ መኖሩን ግን አላውቅም። ፈርቻለሁ። እሷም ፈርታለች፤ ዓይኗ ግን ከዚያ ስልክ ላይ አልተነሳም።

ስልኩ ጮኸ። ሁለታችንም ብድግ አልን። ቡርሃን አነሳ፣ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሩዝ ፈላጊ ደንበኛ ነው።

ተመልሰን ተቀመጥን።