አንሶላ የለበሰው ሙሽራ

ቡታጅራ ውስጥ ላውንደሪ ቤት ነው የምሠራው። አንድ እሑድ ጠዋት አንድ ሙሽራ ከነሚዜው በስብሶ ገባ። ሙሽሪትን ሊወስድ ከወልቂጤ ሲመጣ መኪናው ቆሞበት፣ ዝናብ ላይ ወርዶ ሲገፋ ነው የበሰበሰው። ልብሶቹ ላይ የተሰፋውን የአስተጣጠብና የአደራረቅ ምልክት ሁለቴ አንብቤ ሸሚዙንና ሱሪውን ማድረቂያው ውስጥ ጨመርኩ። እሱ አንሶላ ተከናንቦ ተቀመጠ።

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሁለት ሰዓት ገደማ... ምናልባት ትንሽ ቢያንስ ነው።»

«ወንድሜ፣ አባቷ እኮ ካረፈድክ ልጄን አልሰጥህም ብለውኛል! ሙቀቱን ጨምረው!»

«አይጨመርም» አልኩት እየፈራሁ። «ይሄ ማሽን የራሱን ሙቀት መልሶ መላልሶ ስለሚጠቀም መብራት አይበላም፣ ልብስም አያቃጥልም። ችግሩ መዘግየቱ ነው።»

«ይሄማ ሽማግሌ ነው፣ ማሽን አይደለም!» አለ ሚዜው፤ ወዲያውም ለሙሽሪት ደውሎ ያለንበትን ነገራት።

ከአንድ ሰዓት በላይ እንደጠበቅን በሩ ተከፈተና ሙሽሪት ቬሏን ሰብስባ ገባች።

«አልመጣ ስትል ልወስድህ መጣሁ!» አለችው እየሳቀች።

ከኋላዋ አባቷ ነበሩ። ሙሽራው አንሶላውን በሁለት እጁ ይዞ ብድግ አለ። ሰውየው እሱን ከእግር እስከ ራሱ፣ ቀጥሎም የሚሽከረከረውን ማሽን አዩ። ከዚያ ዝናብ መትቶት ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጋቢያቸውን አውልቀው ዘረጉልኝ።

«በል፣ ይሄንንም ጨምርበት።»